ተኝተው የነበሩት ትሎች

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም ይድረስ።

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን የያዘሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትይ ይወጋሻል? የእማማ ጉልበትስ? አባባ ዐይኑን ታከመ ወይስ እንደ ልማዱ «ደህና ነኝ» እያለ ግድግዳ ይዳብሳል? እኔ ከሐሳብ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ እንዳትደክሚ፤ እኔው ነኝ። የማታ ትምህርቱን ከጨረስኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። አስተማሪያችን «እንዳንተ ፊደል የሚጥል አላየሁም» ብሎኛል። በአፉ ባይለውም በዐይኑ ብሎታል።

የምሠራበት ቤት ትል የሚጠናበት ነው። አትሳቂ! ትሎቹ ከክር ቁራጭ ይቀጥናሉ፤ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ እኔም እንኳ በደንብ አላያቸውም። የምታጠናቸው ዶክተር በትንንሽ ክብ ሳህን ታራባቸዋለች፤ እኔ ዕቃ አጥባለሁ፣ የሞተውን በእንፋሎት ቀቅዬ እጥላለሁ። ያለ እኔ ሳይንስ አንድ እርምጃ አይራመድም።

ትናንት ጠዋት ዶክተሯ አሥራ ሁለት ሳህን ትል ሙቅ ውሃ ላይ አቆየችና ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ስብሰባ ሄደች። እኔ ሰው ሳይኖር በመነጽሩ ማየት እወዳለሁ። ባይ የስድስቱ ሳህን ትሎች ድርቅ ብለዋል። የቀሩት ስድስቱ ይርመሰመሳሉ። «በቃ፣ ሙቀቱ ፈጃቸው» አልኩና ማንም ሳያዘኝ ድርቅ ያሉትን ወስጄ ቀቀልኳቸው። ቀልጣፋ ነኝ ማለቴ ነበር።

ከምሳ በኋላ መጥታ «ስድስቱ የት ሄዱ?» አለች። መወልወያዬን አነሳሁ። «ተማሪዬ ወስዳቸው ይሆናል፤ ነገ ስትመጣ አነጋግራታለሁ» አለች። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ወለሉን እየወለወልኩ «ለመሆኑ ሙቀት የመታው ትል አይሞትም?» አልኳት። ሳቀችና «ይተኛል እንጂ!» አለች።

እታለም፣ ትል ይተኛል! እንደነገረችኝ፣ ሙቀት ሲጎዳው ከነርቭ ሴሎቹ አንዷ ጥቃቅን መልእክተኞች ትለቃለች፤ ስማቸው ኒውሮፔፕታይድ ነው። ይህን ቃል የሚጽፍ ሌላ ሰው በሰፈራችን ካለ ይምጣ! እነሱም ለሌሎቹ ሴሎች «በቃ፣ ዕረፉ» ይላሉ። ትሉ መብላቱንም መንፏቀቁንም ትቶ ይተኛል፤ ተኝቶ ሰውነቱ ይጠገናል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይነሳል። መልእክተኞቹ የጎደሉት ትል ግን ተጎድቶም አይተኛም፤ ሲርመሰመስ ይቆይና ብዙው ይሞታል። ዶክተሯ ሁለቱን ዓይነት ልታወዳድር ስድስት ስድስት ሳህን አድርጋ ነበር። ገባሽ? ጤነኞቹን ቀቅዬ ጎደሎዎቹን ነው ያስቀመጥኩት። የሦስት ወር ልፋቷ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። እንቅልፍም የለኝ፤ እነዚያ መልእክተኞች እኔም ዘንድ የሉም መሰለኝ። አፌን ብከፍት ከሥራ እባረራለሁ፤ ብዘጋ ተማሪዋ ትወቀሳለች። ቀና ብለው ካዩዋት የምታለቅስ ልጅ ናት። በዚህ ቤት «ጋሼ» ብላ የምትጠራኝም እሷ ብቻ ናት።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ሄጄ ነበር። አሁን ተመልሻለሁ። ተማሪዋ ሳትገባ ለዶክተሯ ነገርኳት። ልቀልድ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። «እኔ ነኝ፤ የሞቱ መስሎኝ ቀቀልኳቸው» ብቻ አልኩ። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ተኝተው ነበር እኮ» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ኃላፊ ጋር ሆነው ያነጋግሩኛል። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።

ባልሽን፣ ያንን ነገር የማይሞቀው የማይበርደውን ሰው፣ ሰላም በይልኝ። ትንሿን ቀበጥ ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። ታናሽ ወንድማችን ብዕር ይያዝ፤ ከእኔ ያነሰ እንዳይሆን። ለእማማ ስታነቢላት ከላይኛው ሰላምታ ወደ ታችኛው ዝለይ፤ መሃሉን ከሰማች እሷም እንቅልፍ ታጣለች። አባባ ግን ሁሉንም ይስማ። ልጅ ሳለሁ ጥፋቴን በሰው ላይ ስለጥፍ ስንቴ ይዞኛል። ዛሬ ማንም ሳይጠይቀኝ እንደተናገርኩ ንገሪው።

ወንድምሽ

ከትሎቹ ክፍል ጎን፣ ከዕቃ ማጠቢያው
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን