በእትዬ አስካለ ስም

ሞላሌ፣ ረቡዕ ኅዳር 11

ኮምፒውተሬን ነቅዬ ጎታ ውስጥ፣ ገብሱ ሥር ቀብሬያታለሁ።

በአንዳንድ አካባቢ ድረ ገጾች እየተመረጡ መዘጋት ከጀመሩ ወዲህ፣ የተዘጋባቸው ሰዎች ማንነታቸው ሳይታወቅ ለዚሁ ክፍት በተውኩት ኮምፒውተሬ በኩል ወደ ገጾቹ ያልፋሉ። ከየት እንደሚመጡ፣ ምን እንደሚያነቡ እኔም አላውቅም። መስመሩ ግን የተመዘገበው በአከራዬ በእትዬ አስካለ ስም ነው። አንድ ቀን "ይቺ ነገር ቀን ከሌት ምን ያበራታል?" አሉኝ። እንዲገባቸው ብዬ "ለመንገደኛ በር እንደ መክፈት ነው፤ ማን ነህ ሳይባል ያልፋል" አልኳቸው። ደስ አላቸው።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ጠበቁኝ።

"አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር። መስመራችሁ ለምን እንዲህ ይበዛበታል ይላል።"

"ምን አሉት?"

"መምህሩ መንገደኛ ያሳልፍበታል አልኩት። ጨዋ ሰው ነው። በሶ በጥብጬ ሰጠሁት፣ ጠጥቶ መርቆኝ ሄደ።"

ክው አልኩ። የመስመር ሠራተኛ ይሁን የጸጥታ ሰው በምን አውቃለሁ?

"ስሙን ማን አለዎት? ከየት መጣሁ አለ?"

ቅር ተሰኝተው አዩኝ።

"ምነው ልጄ! ቤቴ የገባን እንግዳ ማን ነህ፣ ከየት ነህ ልበለው? አንተስ መቼ ትጠይቃለህ?"

ወደ ጓዳ ሲገቡ ዘወር ብለው፣ እንደ ቀላል ነገር፣ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ሰውዬው የእሳቸውን ስም ከነአያታቸው ጠይቆ ጽፎ ነው የሄደው።