ያልተባረከችው ሰስ

አባዬ፣

አፈሩ ይቅለልህ። ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። አገር ምድሩ «አንቱ» ሲልህ «አንተ» እያልኩ ያደግሁት እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ አባትሽን አንቱ በይ!» ብላ ስትቆጣኝ አንተ ትስቅ ነበር። ዛሬ ሞተሃል ብዬ አንቱ ብልህ ሌላ ሰው እየመሰልከኝ ያስቸግረኛል፤ በለመድኩት ልጻፍልህ።

እናቴ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን አንድም ቀን አሟት አያውቅም። ቤቱን ቆርቆሮ አለበስነው። ዝናብ ሲመታው ስለሚጮህ «የሰው ቤት ያደርኩ ይመስለኛል» እያለች ታማርራለች። ወንድሜ ዓረብ አገር ነው፤ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፍየሎቹ ነው፣ ስለ እኛ ኋላ። ባጃጅ እስከ ወንዙ ድረስ መምጣት ጀምሯል። እኔም ወልጃለሁ። ሴት ናት፣ አፍንጫዋ ቁርጥ ያንተ ነው፣ እንግዲህ ምን ይደረግ።

ተራራውን አሁንም የምጠብቀው እኔ ነኝ። ስቀጠር «የሴት ዘበኛ ምን ትሆናለች?» ያሉት ሰዎች ዛሬ ከብታቸው ወደ ተከለለው ተራራ ሲጠጋ ከሩቅ ሲያዩኝ ይሮጣሉ። ዱካ አንተ እንዳስተማርከኝ አነባለሁ። ቁጥቋጦው ሰው ይውጣል፣ ደርቆ የነበረው ምንጭ በበጋም አይነጥፍም፣ ሰሶቹም፣ እነዚያ የገደል ሚዳቋዎች፣ በገደሉ ጫፍ ላይ እንደ ቀድሞው ይታያሉ።

አዳኝ ግን አለቀ። አምስት ነበራችሁ። አንተን ጨምሮ ሦስታችሁ አፈር ገባችሁ፣ አንዱ ልጆቹን ተከትሎ ወልድያ ወረደ፣ የቀሩት አያ ንጉሤ ናቸው፤ እሳቸውም ያለ ምርኩዝ ከደጅ አይወጡም። ጎረምሳው ወይ ዓረብ አገር ነው፣ ወይ ሰቆጣ ባጃጅ ላይ። አደን ከተከለከለ አዳኝ ቢያልቅ ምን ይጎዳል እል ነበር። ተሳስቻለሁ። እናንተ እርጉዟን ከመካኗ ለይታችሁ ታውቁ ነበር፤ ስንት ቀን ተንከራትታችሁ፣ ግልገል ያስከተለች ሆና ባዶ እጃችሁን ትመለሱ ነበር። ዛሬ የራበው ሰው ሽቦ ቆልምሞ መተላለፊያቸው ላይ ያስርና ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ሽቦ ዓይን የለውም፤ ያገኘውን ያንቃል።

የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው። አንድ ነገር አድርጌአለሁ፣ ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ስማው።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከገደሉ ሥር ለምለምን አገኘኋት። ባሏ ዓረብ አገር እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ድምፁ የጠፋው፣ ሦስት ልጆች ይዛ የቀረችው ለምለም። ሰስ በሽቦ ታንቃ ሞታለች፤ እሷ ቢላዋ ይዛ አጠገቧ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ሳትሞት ደርሳ ልታርዳት ነበር፣ ዘገየች። ስታየኝ እንኳ አልሸሸችም። «አንቺ የአዳኝ ልጅ ነሽ፤ ሆዷ ገና ይሞቃል፣ አሁን በስመ አብ ብዬ ብቆርጣት አይሆንም?» አለችኝ።

አይሆንም። ነፍሷ ሳይወጣ ስመ ሥላሴ ካልተጠራባት በክት ናት፣ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ግን እንዴት ብዬ ልንገራት? መጀመሪያ ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው፣ ጮኽኩባት። ያሰረችውን ሽቦ እየመራች ስታሳየኝ ደግሞ ሁለት ሌሎች በስብሰው አገኘን፣ ያን ጊዜማ ልመታት ምንም አልቀረኝ። ቀጥሎ እጇን አየሁት። ክሳቱ የወንድሜን እጅ አስታወሰኝ፣ ያኔ በክፉው ዓመት።

አባዬ፣ ያን ቀን ሳስታውስ ነው የኖርኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ተራራው ተከልክሏል፤ ይከልከል ብለው እጃቸውን ካነሡት አንዱም አንተ ነበርክ። ወንድሜ መቆም አቅቶት ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። አንተ ጠብመንጃህን ይዘህ ወጥተህ ከሰዓት በኋላ ሰስ ተሸክመህ በጓሮ ገባህ። «ደርሼባት ባርኬያታለሁ፣ ብሉ፣ ለሰው አታውሩ» አልክ። ከአደን ስትመለስ ደም የነካውን ኩታህን ወንዝ ወስዶ ማጠብ የእኔ ሥራ አልነበር? ልወስደው እጄን ስዘረጋ «ተይው፣ አልቆሸሸም» አልከኝ። አየሁት፣ እውነትም አልቆሸሸም። አንገቷ ተቆርጧል፣ ትከሻህ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ደም የለም። በሕይወት የታረደ እንደዚያ አይሆንም። ተኩሰህ ስትመታት ከገደል ወድቃ፣ ሞታ ነው የደረስክባት።

ደግሞ አንተ አልበላህም። «ጥርሴን አሞኛል» አልክና እፍኝ የጓያ ቆሎ መቆርጠም ጀመርክ! አይ አባዬ፣ ጥርሱን ያመመው ሰው ቆሎ ይቆረጥማል? ውሸት እኮ አታውቅበትም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፍልሰታ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከውጭው በር አላለፍክም፤ አጥሩን ተደግፈህ ቆመህ ታስቀድስ ነበር። እኔ አውቄ በላሁ። አውቄ ዝም አልኩ። አንተም ሳትነግረኝ ሞትክ፣ እኔም ሳልነግርህ።

ለምለምን መደበቅ አልቻልኩም። ተራራው የአደራ ነው፣ ዛሬ ለእሷ ዝም ብል ነገ ለሁሉም ዝም ማለት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር ተራራውን የሚያስከብረው ኮሚቴ ፊት አቀረብኳት፣ ሕዝቡም ተሰበሰበ። ለፖሊስ ትሰጥ የሚለው በዛ። እኔ ልጆቿን ማን ያበላል ብዬ ልከራከር ስነሣ ሰብሳቢው ምን አለ መሰለህ? «ችግር ያልገባበት ቤት የለም። አባትሽ ወልዱ በዚያ ክፉ ዓመት፣ ጠብመንጃ ቤቱ ተሰቅሎ፣ ልጆቹ እየተራቡ፣ ከዚህ ተራራ ጠጠር አላነሣም። እንደሱ መቻል ነው!» አለ። ሕዝቡም እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ።

ከስምህ በቀር ምን አወረስከን? መሬቱ ድንጋይ ነው፣ በሬው አርጅቶ ሞቷል። «የወልዱ ልጆች» ስንባል ነው ቀና ብለን የምንሄደው። ዝም ብል ስምህ እንዳማረበት ይኖራል፣ ለምለም ግን በስምህ ትታሰራለች። ይህን አንተ ትወደዋለህ? ሴቶቹ መካከል እናቴን ፈለግኋት፤ አንገቷን ደፍታ መሬት ትቧጥጣለች።

ተናገርኩት አባዬ። የተከለከለ ሰስ መግደልህን፣ ሞታ መድረስህን፣ ለእኛ ዋሽተህ አንተ አለመቅመስህን፣ አጥር ደጅ መቆምህን፣ ሁሉንም። «ወንድሜ ዛሬ ሲሚንቶ የሚሸከመው፣ እኔም እዚህ ቆሜ የማወራው በዚያ በክት ነው» አልኩ። «ለምለምን ከሰጣችሁ አባቴንም አብራችሁ ስጡት፤ መቃብሩ ቅርብ ነው።» ምነው ይህን ባላልኩ ብዬ ወዲያው ምላሴን ነከስኩ።

አያ ንጉሤ በምርኩዛቸው ተነሡ። ለካ ያን ቀን አይተውህ ኖሯል። አዳኝ ከገደለው መጀመሪያ ወርቹን ለአራስ ቤት ይልካል፤ ይህ የእናንተ ሕግ ነበር፣ ያን ሰሞን ደግሞ አራሷ የእሳቸው ሚስት ነበረች። በጓሮ ስትገባ አይተው፣ ይልካል ብለው ጠበቁህ። አልላክህም። «ሰሰተ፣ ለአራስ ነፈገ» ብለው ቂም ያዙብህ። አልከሰሱህም፣ አላሙህም፣ ግን ከዚያ ወዲህ አብረውህ ማዕድ አልቆረሱም። አንተም ለምን ብለህ አልጠየቅክም፤ ብትጠይቅ እውነቱን ልትነግራቸው ነው። «በክት እንዳያበላኝ ብሎ ንፉግ ተብሎ ሞተ» አሉና ሽማግሌው በአደባባይ አለቀሱ። እኔ ያን ጊዜ ነው የማላውቀውን አባቴን ያወቅሁት። ለልጆችህ ስትል ኃጢአት ተሸከምክ፣ የጎረቤት አፍ ግን አላስነካህም። ኮራሁብህ። እያለቀስኩ ኮራሁብህ።

ለምለም ለፖሊስ አልተሰጠችም። ሽቦዎቹን በሙሉ አውጥታ እንድታስረክብ፣ ዓመቱን ሙሉም ከእኔ ጋር ተራራውን እንድትጠብቅ ተፈረደባት፤ ስሟም ለእርዳታ እህል ተላለፈ። አያ ንጉሤ በበቅሎ እየወጡ የሰሶቹን መተላለፊያ ያሳዩናል፣ ሽቦ የሚደበቅበትን እሳቸው ያውቃሉ። ሁለታችንንም ሲያዩን «የአዳኝ ዘር ወደ ሴት ዞረ» ብለው ይስቃሉ። ሰብሳቢው ለአንድ ወር ያህል ሰላምታ ነፈገኝ፤ አሁን ትቶታል። እናቴን ቤት ስንገባ «ታውቂ ኖሯል?» ብላት «ጥርሱን እያመመው ቆሎ ሲቆረጥም ያላየሁ መሰለሽ?» አለችኝ። ሦስታችንም እያወቅን ሃያ ዓመት ተደባበቅን።

ስምህን አወረድኩት ብዬ ፈርቼ ነበር። ባለፈው ሙት ዓመትህ ያልመጣ ሰው አልነበረም። አያ ንጉሤ ከዚያ ክፉ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ገብተው ከእናቴ ሞሰብ ቆረሱ፤ የመጀመሪያውንም ጉርሻ ለእኔ አጎረሱኝ።

ልጄ አፏን ፈታለች፤ ነገ አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር ትለኛለች። እጁ ንጹሕ ነበር አልላትም። እጁን ለእኛ ሲል አቆሸሸ፣ የእኛን እድፍ ለማንም አላሳየም፣ የራሱንም እስኪሞት አላጸዳም እላታለሁ። እንደዚያ አድርጌ አስታውስሃለሁ አባዬ፣ አንዲትም ሳልቀንስ።

ልጅህ