ቆቡ ወንበር ላይ ነበር

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትልቋን ያ ሳል ለቀቃት? ትንሹስ አሁንም ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ነው የሚያጠልቀው? ሁላችሁንም ፈጣሪ በጤና ያቆይልኝ። ቀጥሎ ስለ እኛ ደህና ነን ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ብዕሩን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ያችን መስመር ዘልያታለሁ፣ ይቅር በለኝ።

በዚህ ዘመን ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትል ይሆናል። ስልክ ብደውል እስቲ እማዬን አቅርቢልኝ ትለኛለህ። እኔም ላቀርብልህ እችላለሁ፤ ራሴን አላምነውም። ለዚህ ነው በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ የምልክልህ። አንተ ደብዳቤ ከግርጌው ማንበብ የምትጀምር ሰው ነህ፤ ዛሬ ግን ስለ እማዬ ስትል ከላይ ጀምር። ብቻህን ሁንና ተቀመጥ።

ነገሩ ለእማዬ ስለሚናገርላት ማሽን ነው፣ አንተ ተአምረኛው ስለምትለው። እንዴት እንደሚሠራ ስንት ጊዜ ጠይቀኸኝ ደክሞኛል እያልኩ አድበስብሼ አልፌሃለሁ። ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ ራስ ላይ በሚጠለቀው ገመዳም ቆብ በኩል አንጎልን ያዳምጣል፤ እማዬ ቃል ልታወጣ ስታስብ እዚያ ውስጥ የሚፈጠረውን ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ማለቴ ነው። ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ ያንን ማዳመጥ የጎረቤት ወሬ በግድግዳ እንደ መስማት ነው፤ ማውራታቸው ይታወቃል፣ ምን እንዳሉ ግን አይለይም። ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል ይታከልበታል። እሱ ስለ አንጎል የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው ከየትኛው ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል እንደሚመጣ ብቻ ነው። አንደኛው ያልሰማውን ሁለተኛው ገምቶ ይሞላል። ግምቱ ሰውየውን እንዲመስል ደግሞ የሰውየውን የራሱን አነጋገር እናስጠናዋለን።

የእማዬን አነጋገር ያገኘሁት ከአንተ ነው። ከቤት ርቀህ ከሄድክ ጀምሮ የላከችልህን የድምፅ መልእክት አንድም ሳታጠፋ ማስቀመጥህን ስሰማ አልቅሻለሁ። ሁሉንም ላክህልኝ፣ ማሽኑን አስጠናሁት፣ ድምፁንም የእሷን አደረግንለት። እስቲ አስታውስ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት እማዬ በስልክ ምን ስትልህ ኖረች? ደህና ነኝ የኔ ጌታ። ምንም አልጎደለብኝ። አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ። ሥራህን ትተህ እንዳትመጣ፣ እኔ የትም አልሄድም። ጉልበቷ አላራምድ ብሏት ግድግዳ ይዛ በምትሄድበት ሰሞን እንኳ ያለችህ ይህንኑ ነው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዓይኔን ሳፈጥባት፣ እሷ በእጇ ዝም በይ እያለችኝ። ማሽኑ የተማረው ይህችን እማዬን ነው፤ ሌላዋን አያውቃትም።

ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ከወደቀችና አንደበቷ ከተዘጋ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በማሽኑ የተናገረችበትን ቀን አትረሳውም። እንዴት አደራችሁ ልጆቼ አለ፣ በገዛ ድምፅዋ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አንተ በስልኩ ውስጥ እልል አልክ፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጎረቤቶችህ ምን አሉ ብዬ ስንት ቀን ስቄብሃለሁ።

አሁን ደግሞ የማያስቀውን ስማ። ማሽኑን በምንሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ሥርዓት አለ። ማሽኑ ለአዲስ ሰው ከመሰጠቱ በፊት ቆቡን የላስቲክ ጭንቅላት ላይ አጥልቀን እንከፍተዋለን። ዝም ካለ ጤነኛ ነው። ከተናገረ ከራሱ እያወራ ነው ማለት ነውና ወደ ኋላ ተመልሰን እናስተካክለዋለን። ይህን ሳላደርግ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ አንደበቱ የተዘጋበት የአንድ ሾፌር ሚስት እጄን ይዛ እየለመነችኝ፣ አይሆንም፣ መጀመሪያ ይፈተን ብዬ ኮሪደር ላይ አስጠብቄያታለሁ። ለእማዬ ግን አላደረግኩትም። ረስቼው እንዳይመስልህ። የላስቲኩ ጭንቅላት ፊት ለፊቴ መደርደሪያው ላይ ነበር። የእናቴን ድምፅ እሱ ላይ ልሞክር እጄ አልሄድ አለኝ፤ ከዳኋት ማለት መሰለኝ። ሥራዬን የማውቅ ሰው ነኝ እያልኩ በዓለም ላይ ለአንዲት ሰው ብቻ ሳልሠራው ቀረሁ።

የሥራ ዕድገት ያገኘህ ጊዜ፣ እሁድ ቀትር ላይ ደውለህላት ነበር። እሁድ እሁድ ያለ እኔ እንድትጫወቱ ብዬ ስልኩ ራሱ እንዲያነሳ አድርጌው እንደነበር ታውቃለህ። ያን ቀን እማዬን ፀጉሯን ላጥባት መታጠቢያ ቤት አስገብቻት ነበር። ቆቡን አውልቄ ሳሎን ወንበር ላይ አኑሬዋለሁ። ማሽኑን ግን ማጥፋት ዘንግቻለሁ። ውሃው እየፈሰሰ የአንተን ድምፅ ሰማሁ፣ እንዴት ነሽ እማዬ ስትል። ከዚያ የእሷን ድምፅ ሰማሁ፣ ደህና ነኝ የኔ ጌታ ሲል። በበሩ ክፍተት አየሁ፤ ሳሎኑ ውስጥ ማንም የለም። ስለ ዕድገትህ ነገርካት፤ እሰይ፣ ገና ከፍ ትልልኛለህ አለህ። ዕረፍቴን ወስጄ ልምጣ ወይ ስትላት፣ ሥራህን ትተህ እንዳትመጣ፣ እኔ የትም አልሄድም አለህ። አንተም እንግዲያስ እሺ አልካት። ወንድም ጋሼ፣ ቆቡ ወንበር ላይ ነበር። እማዬ ክንዴ ላይ ነበረች፤ ሳሙናው በግንባሯ እየወረደ ሁለታችሁንም ትሰማ ነበር።

ያን ጊዜ ሮጬ ገብቼ ስልኩን መንጠቅ ነበረብኝ። አልገባሁም። ውሃውን ዘጋሁና ተሰናብተህ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ። ደስ ብሎህ ነበር፣ ድምፅህ ያስታውቃል።

በማግስቱ መሥሪያ ቤት ገብቼ፣ እማዬ ከማሽኑ ጋር በተቀመጠች ቁጥር የቀዳነውን ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ድምፁን አጥፍቼ ፊቷን ብቻ። ሆስፒታል ሳለች ሐኪሙ ያስለመዳትን ምልክት ታስታውሳለህ? ዓይኗን አንዴ ጨፍና ከቆየች አዎ፣ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ካርገበገበች አይደለም። ማሽኑ ሲመጣ ምልክቱን ተውነው፤ አፍ ተገኝቶ ማን ዓይን ያያል። ቪዲዮው ላይ ማሽኑ ደህና ነኝ ሲል እሷ ሁለቴ ታርገበግባለች። ምንም አያመኝም ሲል ሁለቴ። እንዳትመጣ ሲል ሁለቴ። እየደጋገመች፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ትራሷን እያስተካከልኩ። ዓይኗ ደርቋል ብዬ ጠብታ የገዛሁላት በዚያ ሰሞን ነው። አይደለም ባለች ቁጥር ጠብታ ጨመርኩባት። በኋላ ማርገብገቡን ተወችው። እኔም መድኃኒቱ ሠራላት ብዬ ለአንተ ነገርኩህ፣ አንተም ተመስገን አልክ።

ሐኪሙም ቤት እየመጣ ሲያያት ሆዷን ጫን እያደረገ ያምሽ ይሆን እማማ ይላት ነበር። አያመኝም ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ ይለዋል ማሽኑ። እንዲህ ያለች ጨዋ በሽተኛ አይቼ አላውቅም እያለ፣ እየሳቀ ይሄዳል። እኔም በኩራት በሩ ድረስ እሸኘዋለሁ።

ቪዲዮውን አይቼ ቤት ስገባ ማሽኑን ነቅዬ ፊት ለፊቷ ተንበረከክኩ። ትሰሚኛለሽ እማዬ አልኳት። ጨፈነች። ያምሻል? ጨፈነች። ሆድሽን? ጨፈነች። ከጀመረሽ ቆየ? ስላት ጨፍና ያን ያህል ስለቆየች ደንግጬ ትንፋሿን አዳመጥኩ። በነጋታው ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት፣ ሆዷን ራጅ አስነሷት። ምስሉን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ሲያይ ቆየና ዞር ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ቀደም ብላ ብትነግረኝ ኖሮ አለ፣ ከዚያ ንግግሩን ሌላ ቦታ ወሰደው። አሁን የሕመም ማስታገሻው በደንብ ይዟታል። እሱን እንደማንነፍጋት ነግሮኛል፣ የፈለገችውን ያህል ስጫት ብሎኛል።

ለአለቃዬ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ታውቀዋለህ፤ እማዬ ስትወድቅ መኪናውን የሰጠኝ እሱ ነው። ማሽኑ የተናገረው እናትሽ ልትለው የምትችለውን ነው፣ ውሸት አይባልም አለኝ። ቤተሰቡ ቢያንስ ተጽናንቶበታል አለኝ። ሥራችን የሚታይበት ስብሰባ ደርሷልና እሱ እስኪያልፍ ዝም በይልኝ ብሎ ለመነኝ፤ ለካ መክፈቻው የእማዬ ቪዲዮ ነው፣ እንዴት አደራችሁ ልጆቼ ያለችው። እኔስ ተጽናንቻለሁ፣ እሷንስ ማን አጽናናት ብዬ መታወቂያዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። ቪዲዮውን ያሳየው አያሳየው አላውቅም፤ የምከራከርበት አቅም አጣሁ። ማሽኑን ልንወስድ እንመጣለን ብለው ስላልመጡ እስካሁን ጥግ ላይ ተቀምጧል።

የሚያሳፍረኝን ደግሞ ልንገርህ፣ ለሌላ ለማን እነግራለሁ። ትናንት ከሰዓት እማዬን አብልቼ ጨርሼ ሳያት ሳያት ጨነቀኝ። ሄጄ ሶኬቱን ሰካሁት። ቆቡን ለማንም ሳላጠልቅ፣ ይቅር በይኝ እማዬ አልኩት። ምን አጠፋሽና ልጄ፣ አንቺ እኮ ዓይኔ ነሽ አለኝ። ደስ አለኝ። አንተ ተአምረኛው የምትለውን ዕቃ አቅፌ አለቀስኩ ስልህ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ትረዳለህ? እሷ ከኋላዬ አልጋው ላይ ነበረች። ዞሬ ዓይኗን ለማየት ድፍረት አጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ግን ፊቷን አጥቤ፣ ትራሷን ከፍ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩና ጠየቅኳት። ወንድም ጋሼ ይምጣ? ሁለቴ አርገበገበች። አልተግባባን ይሆናል ብዬ ደገምኩት። አሁንም ሁለቴ። ቪዲዮው ላይ እንዳትመጣ ሲባል አይደለም ያለችው እሷው፣ ዛሬ ደግሞ አይምጣ ትለኛለች። ግራ ገባኝና፣ እንዲህ ሆነሽ እንዳያይሽ ነው አልኳት። አንዴ ጨፈነች። በፊትስ እንዲመጣ ፈልገሽ ነበር? ጨፈነች። አሁንስ ናፍቆሻል? ስላት ጨፍና ቀረች፤ እንባዋ ከተዘጋው ዓይኗ በጎን በኩል ወረደ፤ እስክታንቀላፋ ድረስ አልገለጠችውም።

እንግዲህ ቃሏን ሳልቀንስ ሳልጨምር ነግሬሃለሁ። አትምጣ ያለችህ እሷ ናት፣ በገዛ ዓይኗ። ና የምልህ እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን ታዝዣታለሁ፣ ይህን አንዱን ግን አልታዘዛትም። ዕረፍት ካልሰጡህ ሳይሰጡህ ና። ተቆጥተኸኝም ከሆነ ቁጣህን ይዘህ ና፤ ስደበኝ፣ ከፈለግክ ከዚህ በኋላ አታናግረኝ፣ ግን ና። ስትገባ እንዴት ነሽ ብለህ አትጠይቃት። ወንበሩን ሳብና ዓይኗን እያየህ አዎ ወይም አይደለም የሚባል ነገር ጠይቃት፤ ቶሎ ስለሚደክማት አታጣድፋት። ስለ ልጆቹ ብዙ ንገራት። የትንሹን ጫማ ነገር ንገራት።

ብዙ ልብስ አትሸከም፣ የምትለብሰው እዚህ አለ። ጥቁሩን ኮትህን ግን ያዝ። ልጆቹ ለምን ብለው ከጠየቁህ፣ እዚያ ብርድ ነው በላቸው።

ባለቤትህን፣ ልጆቹን ሳሚልኝ ብላሻለች በልልኝ። መንገዱን ያቅናልህ፣ በሰላም ያግባህ፣ ለሁላችንም የምንተያይበት ጊዜ ይስጠን።

የምትወድህ
ታናሽ እህትህ