ፍየሎች በግራ

ውድ የኔሰው፣

ሞጣ ላይ የአጣና ንግዱ እንደደራልህ ሰምቻለሁ፤ እሰየው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍልህ ወሬ ሳይሆን ድል ነው። ቀስ ብለህ አንብበው፤ የሚያናድድህም ነገር አለበት።

የመሥሪያ ቤታችን ታፔላ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረበትን ቀን ታስታውሳለህ? በደርግ ጊዜ ባለሥልጣን ነበርን። ኋላ ግብርና ውስጥ ገብተን የአንድ ክፍል ጥገኛ ሆንን። ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ተዳብለን ሚኒስቴር ተባልን፣ ወረድ ብለን ኮሚሽን፣ አሁን ደግሞ «ደን ልማት»። ቀለም ቀቢው መሰላሉን ሲያወርድ አንተ ሻንጣህን አነሣህ። «አየሁሽ፣ ስሙ ያልጸደቀለት መሥሪያ ቤት ችግኝ አያጸድቅም። ነይ አብረን እንሂድ» አልኸኝ። ልቤ አብሮህ ሄዷል። እግሬ ግን ቀረ፤ ኮረብታውን ለማን ልተወው?

ከቢቸና በሞጣ መንገድ ወጣ ብሎ ያለውን፣ አብረን የከለልነውን ያን ራሰ በራ ማለቴ ነው። ታፔላው ይቀያየር እንጂ ሥራው ያው ነበር፤ ዘር ማምጣት፣ ችግኝ ማፍላት፣ መከለል፣ ከሁሉም በላይ ከባለ ፍየል ጋር መጨቃጨቅ። አንተ ከሄድህ በኋላ ጭቅጭቁ ሁሉ ለእኔ ቀረ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሰው ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰበሰበ። ኮረብታው እንደተከለለ ይቆይ ወይስ ለግጦሽ ይከፈት? ከተከፈተ በአንድ ክረምት ድንጋይ ብቻ ይቀራል። አስቀድመው የተነሡት እትዬ ወለተ ገብርኤል ናቸው፤ የፍየላቸውን ብዛት ታውቃለህ፣ የአፋቸውንም። እኔ ቆሜ «ከተከልነው ከመቶ ሰማንያው ጸድቋል» ስል አላስጨረሱኝም።

«የቀሩት ሃያዎቹሳ ልጄ፣ ምን ኃጢአት ተገኘባቸው?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። አለቀልኝ ብዬ ነበር፤ ግን እኔስ የጎጃም ልጅ አይደለሁ?

«እነሱማ በእርስዎ ፍየሎች አፍ ሰማዕት ሆነዋል፣ እትዬ። ይልቅ ይንገሩኝ፤ ዘንድሮ በመጋቢት ፍየሎችዎ ከወዴት ጠጡ?»

ከኮረብታው ሥር ደርቆ የነበረው ምንጭ እንደገና መፍለቁን፣ እሳቸውም ፍየሎቻቸውን እስከ ወንዙ መንዳት መተዋቸውን የማያውቅ አልነበረም። ነጠላቸውን አስተካከሉና እሳቸው ራሳቸው ሳቁ።

«እንግዲህ መጽሐፉም በጎች በቀኝ፣ ፍየሎች በግራ ይቁሙ ብሏል። ኮረብታው ወደ ከተማ ሲወረድ በቀኝ ነው። የእኔዎቹ ከመንገዱ በግራ ይጋጡ። ሣሩ እየታጨደ ይሰጠኝ፤ ዛፉን አላስነካም።»

እልልታውን ብትሰማው! እጅ ሁሉ ወጣ። ደንቡም ላይ እንዲሁ ተጻፈ፤ «ፍየል በግራ»። እኔ በሰው ፊት አለቀስሁ፣ አላፈርሁም።

ስሙ አልጸደቀለትም ያልኸው መሥሪያ ቤት ኮረብታ አጽድቋል። ነገ ታፔላው እንደገና ይቀየር ይሆናል፤ ይቀየር። ጥዱ እንደሁ ማንበብ አይችል።

ናፍቀኸኛል የኔሰው። ይህንን ሳልጽፍ ልጨርስ አስቤ ነበር፣ አልሆነልኝም። ከሞጣ ስትመጣ ከምንጩ አጠገብ ከመኪና ውረድ፤ መንገዱን ታውቀዋለህ። ፍየል ካልሆንህ በቀኝ በኩል ግባ።

ስሟን አንዴም ያልቀየረችው፣
አየሁሽ
ቢቸና