አባዬ ከኋላ ወንበር

ለውድ እትዬ፣

ከዚህ ጋር የላክሁትን ፎቶ ስታዪ «አባዬ እያለ መሪ የያዘው ማን ነው?» ሳትዪ አትቀሪም። እኔ ነኝ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ፀሐዩ ካጠቆረን በቀር ደህና ነን።

ገና መመረቄ ነውና፣ ሥራ ልያዝና በሚመጣው ዓመት ራሴ እወስዳችኋለሁ ስለው አባዬ «ዘንድሮ ካልሆነ» ብሎ ድርቅ አለ። ይኸው ደቡባዊ አፍሪካን በኪራይ መኪና እያካለልን ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ረዳቱን እንኳ መሪ የማያስነካው ሰውዬ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ገባ። በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ።

ትናንት ዝሆኖች ከነልጆቻቸው መንገዱን ዘጉብን። እማዬ ወደ አባዬ ጆሮ ተጠግታ «አሁን ትንሿ ተሻገረች፣ የመጨረሻዋ ጅራቷ ቆራጣ ነው» እያለች ተረከችለት። «ሴትዮ፣ ኳስ ነው እንዴ የምታስተላልፊው?» ብሎ በሳቅ ገደለን።

ዛሬ ደግሞ ፏፏቴውን አገኘነው። ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል፤ ርጭቱ ገና ከሩቅ ፊት ያጥባል። አባዬ የብረት አጥሩን ጨብጦ፣ ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አልነቃነቅ አለ። ጃንጥላ ይዤ ስጠጋው «ተወኝ ልጄ፣ ከዚህኛው ምንም አልቀረብኝም» አለኝ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆየሁ።

እትዬ፣ አባዬ ደብዳቤሽን ሰው ሲያነብለት አይወድምና፣ መልስ ስትጽፊ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጊው። ከሥራ ፈቃድ ከሰጡሽ ግን መጻፉን ተዪውና ነዪ።

ሁላችንም አገላብጠን ስመንሻል።

ታናሽ ወንድምሽ