ገደሉ ላይ ያልተሞከረው

ነሐሴ 24

ሰው ድሮ ጨረቃን ረግጦ ከተመለሰ፣ ዛሬ ሰው የሌለበትን ዕቃ ማሳረፍ ለምን ያቅታል? አባዬ ነው ዛሬ ጠዋት የጠየቀኝ። ላምበረት መናኸሪያ ጥበቃ አድሮ ገብቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። "ሶሬ፣ ነዳጅ አልቆባቸው ነው ወይስ ንቀት?" ሳቅኩ። መልሱን ሳስብ ታክሲ አመለጠኝ።

እንዴት ላስረዳው... አየር ስለሌለ ፓራሹት አይሠራም። ፍሬኑ ሞተሩ ብቻ ነው። ከምድር ሆኖ መሪ መያዝም አይቻልም፤ ምልክቱ ደርሶ እስኪመለስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ነው። ያኔ ሰው ነበረበት፣ ቋጥኝ ሲያይ ያዞራል። አሁን ማሽኑ ብቻውን ያያል፣ ብቻውን ይወስናል።

እኛ ዓይኑን ነው የምንሠራው። ማለቴ ከመሬት ያለውን ርቀት የሚያጣራውን ፕሮግራም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዳቦ ቤት በላይ፣ ሁለት ክፍል። እኔ፣ ቢንያምና አለቃችን ጋሽ ታዴዎስ። ጨረቃ ላይ የምታርፈው መንኮራኩር የውጭ ናት። ዓይኗ ግን የእኛ! ተመርቄ ዓመት እንኳ አልሞላኝም።

ጳጉሜን 3

በ2015 የወደቀችውን የጃፓኗን ታሪክ አነበብኩ። ከገደል ጫፍ ላይ ስታልፍ መሬቱ ከሥሯ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ሸሸ። መሣሪያው በትክክል ለካ። ኮምፒውተሩ ግን "ተበላሽቷል" ብሎ ንባቡን ጣለው። አምስት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና መሬት የደረሰች መሰላት... ነዳጇ እስኪያልቅ እዚያው ተንሳፈፈች። ከዚያ ወደቀች።

ከሙከራ ቅጻችን ላይ "ገደል" የሚለውን ፈልጌ አሰመርኩበት።

ጳጉሜን 5

ፕሮግራማችንን የጫንበትን ድሮን ይዘን እንጦጦ ወጣን። መጀመሪያ ሜዳው ላይ፣ ቀጥሎ ከገደሉ ጫፍ ወደ ውጭ። ሜዳው ቆንጆ ሄደ። ወደ ገደሉ ስንዞር መንገዱ በነጠላ ነጭ ሆኗል። ለካ ነገ ራጉኤል ነው። አንዲት እናት ድሮኑን አይተው ቆሙ። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ቢወድቅስ?" አሉኝ። ድሮኑን ወደ ሳጥኑ መለስኩት። ለመሳለም በመጣ ሕዝብ አናት ላይ ማን ያበራል?

የማብረሪያ ፈቃዳችን ዛሬ ያበቃል። የሙከራው ቅጽም ዛሬ ለመንኮራኩሯ ባለቤቶች መላክ አለበት፤ ለፈረንጆቹ ተራ የሥራ ቀን ነው። ጋሽ ታዴዎስ መኪና ውስጥ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ "ገደል" ከሚለው ጎን "ተሞክሯል" ብለው ጻፉ። ከበዓሉ በኋላ እናደርገዋለን አሉ። "በሉ ፈርሙ፣ ዋናው መሥራቱ ነው።" ቢንያም ፈረመ። እኔም።

ለምን ፈረምኩ? ሥራ የሰጡኝን ሰው ፊት ለፊት ዋሹ ልበል?

መስከረም 20

የገደሉን ነገር ለጋሽ ታዴዎስ ሁለት ጊዜ አነሣሁባቸው። መጀመሪያ ዝናቡ ያብቃ አሉ። ዛሬ ደግሞ "አንቺ ልጅ፣ ሟርተኛ አትሁኚ።" አዲስ ፈቃድ አልጠየቁም።

ጥቅምት 14

መንኮራኩሯ መጠቀች። ኬክ ቆረስን። አባዬ መናኸሪያ ውስጥ ያልነገረው ሰው የለም፤ ሹፌሮቹ እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል። ምን ልበላቸው...

ኅዳር 6

ሁለቱ ምሳ ሲወጡ ቀረሁ። የእንጦጦን ገደል ከፍታ ከካርታ ወስጄ፣ በኮምፒውተር ልክ መንኮራኩሯ ከላዩ እንደምታልፍ አድርጌ ለፕሮግራማችን ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ እውነተኛውን ንባብ ጣለው።

ቢንያም ተመልሶ ከኋላዬ ቆሞ አየ። ቀልድ የማያልቅበት ልጅ ሳንቡሳውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ኅዳር 7

ለጋሽ ታዴዎስ አሳየኋቸው። በሩን ዘጉ። የምታርፈው እኮ ሜዳ ላይ ነው አሉ። ከመድረሷ በፊት የምታልፍበት ግን የገደል ጠርዝ ነው አልኩ። ካርታው ላይ አፈጠጡ። አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ ከቁጣ መስሎኝ ነበር።

"ሶሬቲ፣ ይሄ ከወጣ ሁለተኛ ለዚህ ቤት ሥራ የሚሰጥ የለም። አንቺንም ቢሆን ማን ይቀጥርሻል?"

"ከወደቀችስ፣ ጋሼ?"

"ከወደቀች... የብዙ አገር ወድቋል። ማን ይጠይቀናል?"

ከቁጣ አልነበረም። ገደል ላይ እንደሚሳሳት ያውቁ ነበር... ከመቼ ጀምሮ?

ኅዳር 8

አሁን ጨረቃን እየዞረች ነው። ኅዳር 17 ታርፋለች። ማስተካከያ ከምድር መላክ ይቻላል፤ ፈረንጆቹ የሚቀበሉት ግን እስከ ነገ ብቻ ነው። የተሳሳተውን የፕሮግራም መስመር አስተካክዬ ሞከርኩት፣ ገደሉን አለፈ። ግን ለምን እንደተቀየረ ሳልናገር ማን ይቀበለኛል?

ለአባዬ ነገርኩት። "ያች ነገር ሰው የለባትም አይደል?" አለ። የለባትም አልኩ። "ቢሆንም ንገሪያቸው።" ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ለቢንያም አሁን የላክሁለት ይህ ነው፦

"ቢኒ፣ ለፈረንጆቹ የምልከውን ደብዳቤ ጨርሻለሁ። ጳጉሜን 5 ገደሉን አልሞከርንም፣ ሞክረናል ብለን ግን ፈርመናል ይላል። ማስተካከያው አብሮት አለ። አንድ ሰው ብቻ ከጻፈው ኩርፊያ ይመስላቸዋል። ጋሼ እኔን እንደሚያባርሩኝ አውቃለሁ፣ አንተንም ምናልባት። ነገ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት እጠብቅሃለሁ፣ ከዚያ ብቻዬን እልከዋለሁ። አብረኸኝ ትፈርማለህ? እምቢ ብትልም መልስልኝ።"