የኋላውን በር ይገፉ የነበሩት የምክር ቤት አባል አረፉ

የልብስ ስፌት ድርጅቶች ባለቤቶች ማኅበር ይህን መግለጫ የሚያወጣው በሐዘንና በፍርሃት ነው። ያዘንነው የማኅበራችን መሥራች፣ ኋላም የምክር ቤት አባል የነበሩት፣ ሠራተኞቻቸው «እትዬ ክፈቱ» እያሉ የሚጠሯቸው እህታችን ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በልብ ሕመም በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ስላረፉብን ነው። የፈራንበትን ምክንያት ደግሞ ወረድ ብለን እንገልጻለን።

እትዬ ክፈቱ ሥራ የጀመሩት የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት ነው። ከአንድ ጫማ ሰፊ ቤት ጀርባ በተከራዩት ጠባብ ክፍል በሁለት የእግር ስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር። ኮሌታ እንደማያምርላቸው ራሳቸው ስለሚያውቁ ኮሌታውን ለሌላ ሴት ሰጥተው እሳቸው እጅጌ ይገጥሙ ነበር።

በአሥር ዓመት ውስጥ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መቶ አርባ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት አቋቋሙ። የማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ የተረቀቀውም በእሳቸው የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የዛሬ ሃያ ዓመት ከሕንፃቸው ፊት ለፊት በነበረ ሌላ ስፌት ቤት እሳት ተነሳ። በሙያችን የቆየ ልማድ አለ፤ የተሰፋ ልብስ ተሰርቆ እንዳይወጣ ሥራ ሲጀመር የኋላው በር ከውጭ በጓጉንቸር ይቆለፋል፣ ቁልፉን ባለቤቱ ወይም ጥበቃው ይይዛል። በዚያን ቀን ጥበቃው ቁልፉን እንደያዘ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር። ዘጠኝ ሴቶች ሞቱ። የእትዬ ክፈቱ ሠራተኞች የስፌት መኪናቸውን አቁመው በመስኮት አይተዋል።

እትዬ ክፈቱ ለዓመታት በሆዳቸው ይዘውት የኖሩትን ነገር በምክር ቤት ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግር ተናገሩ፦ «በዚያ ሰዓት የእኔም የኋላ በር ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እሳቱ መንገዱን ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምቆመው እዚህ ሳይሆን ፍርድ ቤት ነበር።»

ከእሳቱ ማግስት ጀምሮ ጓጉንቸሩን ጣሉ። በየጠዋቱ ከሁሉ ቀድመው እየገቡ የኋላውን በር በገዛ እጃቸው ይገፉ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት በጥበቃነት ያገለገሏቸው ሰው «እትዬ፣ ትናንት የተከፈተ በር ዛሬ ምን ይሆናል ብለው ነው?» እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር ነግረውናል። መልሳቸው ሁሌም አንድ ነበር፦ «በር እንደ ሰው ነው፤ ትናንት ያለውን ዛሬ አይደግመውም።»

የዛሬ ስድስት ዓመት ድርጅቱንና በየጠዋቱ በሩን የመግፋቱን ሥራ ለሴት ልጃቸው አስረክበው ለምክር ቤት ተመረጡ። የሥራ ቦታ ደኅንነት ኮሚቴን በሰብሳቢነት መርተዋል፤ ከአርባ በላይ ስፌት ቤቶችን በአካል ጎብኝተዋል። ሠራተኛ ባለበት ቤት መውጫ በር መቆለፍን የሚከለክለውን ረቂቅ ሕግ ያቀረቡትም እሳቸው ናቸው። አንድ የምክር ቤት ባልደረባቸው «እኚህ ሴት ከበር ሌላ ነገር አያውቁም፤ ምን እንዲህ ያስፈራቸዋል?» ብለው አሹፈውባቸው ነበር። መልሳቸው በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል፦ «ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? አዎ፣ ፈሪ ነኝ። የምፈራው ለእነዚያ ልጆች እናቶች ነው።»

ረቂቁ በመጪው ማክሰኞ ድምፅ ይሰጥበታል።

ማኅበራችን ይህን ረቂቅ የሚቃወም ደብዳቤ ለምክር ቤቱ ጽፏል። ደብዳቤው ላይ የቦርዱ አባላት ሁላችንም ፈርመናል። ሌላም ያደረግነው አለ። እትዬ ክፈቱ ለጉብኝት ወደ አንዱ ስፌት ቤት በገቡ ቁጥር ባለቤቱ ለቀጣዩ ስልክ ይደውልና «ሙሽራዋ መጣች» ይል ነበር። ቀጣዩ ጓጉንቸሩን ያወልቃል፣ ደረጃው ላይ የተከመረውን ጣቃ ያነሳል፣ ሠራተኞቹን «ዝም በሉ» ይላል። እሳቸው ሲወጡ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ይህን እትዬ ክፈቱም ያውቁ ነበር። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ተነሥተው እንዲህ አሉን፦ «‹ሙሽራዋ መጣች› እንደምትባባሉ ሰምቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሙሽራ ስላላችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። እሳት ግን ደውሎ አይመጣም።» ቃለ ጉባኤው «ሳቅ» ይላል። ከዚያ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፍን።

የፍርሃታችን ምክንያት ይህ ነው። ዓርብ ዕለት ቀብራቸውን ፈጽመን ተለያየን። ቅዳሜ ጠዋት ቦርዱ ሁለት አባላቱን ለማንም ሳይደወል ወደ አሥራ ዘጠኝ ስፌት ቤቶች ላከ። በአሥራ አንዱ የኋላው በር ተቆልፎ ተገኘ። በሦስቱ ጓጉንቸሩ አዲስ ነው፤ የተገዛው ከሐሙስ ወዲህ ነው። በአንደኛው አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶች ይሠሩ ነበር፤ ያላቸው አንድ ደረጃ ሲሆን እሱም እስከ ትከሻ በሚደርስ ጣቃ ተሞልቷል። ኮሌታ የሚሰፉ አንዲት ሴት አንገታቸውን ሳያቀኑ «ከእንግዲህ ደግሞ ማን ይመጣል ብለው ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል። ከአሥራ አንዱ አንዱ የቦርዱ ሰብሳቢ ድርጅት ነው።

የእትዬ ክፈቱ ልጅ የሚከተለውን እንድንጽፍ ፈቅደውልናል። ሐሙስ ጠዋት እናታቸው በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው «ገፋሽው ወይ?» ሲሉ ጠየቋቸው። ልጃቸው «አዎ እማዬ፣ ገፍቼዋለሁ» አሉ። ሌሊቱን አስታማሚ ሆነው ስላደሩ አልገፉትም ነበር። ውሸቱ ስላስጨነቃቸው ተነሥተው ወደ ድርጅቱ ሄዱ፤ መቶ አርባው ሰው ሥራ ላይ ነበር። በሩን ገፉት። አልተከፈተም። ጓጉንቸር አልነበረበትም፤ እዚያው ፎቅ ላይ ያለ ጎረቤት ሱቅ ካርቶኖቹን ከውጭ አስደግፎበት ነበር። ሰው ጠርተው ካርቶኖቹን አስነሥተው ሲመለሱ እናታቸው አርፈዋል።

ሃያ ዓመት በየጠዋቱ የተገፋ በር አንድ ቀን ባይገፋ እንዲህ ከሆነ፣ ተገፍቶ የማያውቀው የእኛ በር እንዴት እንደሚሆን ስናስብ እንፈራለን።

ስለዚህ ቦርዱ የተቃውሞ ደብዳቤውን ከምክር ቤቱ መልሶ ወስዷል። ሰብሳቢው ከኃላፊነታቸው ተነሥተዋል። ይህ መግለጫ ነገ ሰኞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በእያንዳንዱ አባል ድርጅት፣ በኋላው በር አጠገብ፣ ሠራተኞች በተሰበሰቡበት ይነበባል። የሚያነቡት ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ዝቅ አድርገው በሩን በእጃቸው ይግፉ። በሩ ካልተከፈተ ንባቡ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ሠራተኞችም ወደ ስፌት መኪናቸው አይመለሱም።

ከተከፈተ የቀረው ይህ ነው፦ ለልጃቸው፣ ለጥበቃቸው፣ ለመቶ አርባው ሠራተኞቻቸውና ለምክር ቤት ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን።